ከቀለሙ በፊት፦ ሸራና ጣውላ ለምታዘጋጁ ልጆች

ልጆቼ፣

በዘይት ቀለም የሳላችሁበትን ሸራ እስቲ ገልብጡትና ጀርባውን እዩት። ቢጫ ወይም ቡኒ እድፍ ወጥቶበታል? ከወጣበት ዘይቱ ጨርቁ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

የተልባ ዘይት እንደ ውሃ ተንኖ አይደለም የሚደርቀው። ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው የሚጠጥረው። በዚህ መሀል አሲድ ይፈጠራል። አሲዱ የጥጡን ክር ቀስ እያለ ይበላዋል። ጨርቁ መጀመሪያ ይጠቁራል፤ ከዚያ ክርር ይላል፤ ዓመታት ሲያልፉ ደግሞ በጣት ሲጫኑት ይቀደዳል። እኔ ደሴ ላይ ስስልም የሰው ሥዕል ስጠግንም ነው የኖርኩት። ለጥገና ከሚመጡልኝ ሥዕሎች ብዙዎቹ የታመሙት ከላይ አይደለም፣ ከሥር ነው። ቀለሙ ጥሩ፣ እጁ ጥሩ፣ መሠረቱ ግን የለም።

ችግራችሁን አውቃለሁ። ፕራይም የተደረገ፣ ማለትም ቀለም እንዲቀበል አስቀድሞ የተዘጋጀ ሸራ እዚህ እንደልብ አይገኝም። ከአዲስ አበባ ሲመጣም ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ አንዳንዶቻችሁ አቡጀዴ ገዝታችሁ በቀጥታ ትስሉበታላችሁ። ሌሎቻችሁ ከቤት እድሳት የተረፈ የግድግዳ ቀለም ትለቀልቁበትና «በቃ ነጭ ሆኗል» ትላላችሁ። ነጭ መሆኑ ብቻውን ምንም አይደለም። እናቶቻችሁ አዲስ ምጣድ ሲገዙ ሳያሟሹት እንጀራ ይጋግሩበታል እንዴ? ሸራም መሟሸት አለበት።

ሥራው ሁለት ነው፤ ሁለቱን አታምታቱ። አንደኛው ጨርቁን ወይም እንጨቱን በሙጫ መዝጋት ነው፣ ዘይት እንዳይገባበት። ሁለተኛው ከሙጫው በላይ ቀለም የሚይዝ፣ ትንሽ ሸካራ፣ ትንሽ የሚመጥ ነጭ ንጣፍ መጣል ነው። ሙጫ ብቻ ከሆነ ቀለሙ የሚጨብጠው ያጣል። ነጩ ብቻ ከሆነ ደግሞ ዘይቱ አልፎት ይሄዳል።

ይህ ሙያ ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። ሐይቅ እስጢፋኖስ ቅርባችን ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ገዳም ነው። እዚያ መጽሐፍ ከመጻፉ በፊት ፍየሉ ይገፈፋል፤ ቆዳው በእንጨት ላይ ይወጠራል፤ ይፋቃል፤ ይለሰልሳል። የብራና ፋቂው ድካም ከጸሐፊው ድካም አያንስም። የጥንት የእንጨት ሥዕሎቻችንም በባዶ እንጨት ላይ አልተሳሉም። ብዙዎቹ ከሥራቸው በእንስሳ ሙጫ የተለወሰ ጀሶ አለ። ያ ጀሶ ነው ለዘመናት ቀለሙን የያዘው።

ግን ልብ በሉ፣ ያ ጀሶ የተቀባው በጣውላ ላይ ነው። ጣውላ አይተጣጠፍም። ከዚህ ሁሉ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህንን ያዙልኝ፦ ደረቅ ንጣፍ ለደረቅ ነገር፣ የሚተጣጠፍ ንጣፍ ለሚተጣጠፍ ነገር። በሙጫና በጀሶ የተሠራ ንጣፍ በጨርቅ ላይ ይሰነጠቃል። ዛሬ ባይሰነጠቅ ክረምት መጥቶ ሲሄድ ይሰነጠቃል። አንድ ልጅ እንዲህ አድርጎ የሠራውን ትልቅ አቡጀዴ ጠቅልሎ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ሊወስድ ነበር። ገና ኮምቦልቻ ሳይደርስ ጥቅልሉን ሲፈታው ነጩ ከነቀለሙ ጭኑ ላይ ረገፈ። ይዞልኝ ሲመጣ ምንም ላደርግለት አልቻልኩም። የረገፈ ቀለም ይለጠፋል፤ የረገፈ መሠረት ግን የሚለጠፍበት የለውም።

ለዚህ ነው ለጀማሪ ሁልጊዜ ጣውላ የምመክረው። አናጺ ቤት ሂዱና የኮምፔንሳቶ ወይም የኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ ጣውላ) ቁራጭ ለምኑ። ብዙ ጊዜ በርካሽ ይሰጧችኋል። ከሁለት መዳፍ የማይበልጥ ትንሽ ጣውላ ለመማር ይበቃል። ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት አሹት፤ አቧራውን ጥረጉ።

ሙጫው የቆዳ ሙጫ ቢሆን ይመረጣል። ካጣችሁ ለምግብ የሚሸጠው ጣዕምና ስኳር የሌለበት ጄላቲን ያው ዘመዱ ነው። 100 ግራም ደረቅ ሙጫ በ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፉና አሳድሩት። ጠዋት ያብጣል። ከዚያ ድስቱን ሌላ ሙቅ ውሃ ያለበት ድስት ውስጥ አስቀምጡና አሙቁት። እሳት ላይ በቀጥታ አይጣድም። አይፈላም። ከ60 ዲግሪ ካለፈ ኃይሉ ይደክማል። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ እንፋሎቱ ሳስ ብሎ ሲወጣ፣ ገና አረፋ ሳይጀምር አውርዱት።

ልክነቱን የምታውቁት ሲቀዘቅዝ ነው። ጥቂቱን በስኒ አስቀምጡ። ሲረጋ በሁለት ጣት ሰንጥቁት። ስንጥቁ ሸካራ ከሆነ ልክ ነው። አልሰነጠቅ ብሎ ከጠነከረ ውሃ ይፈልጋል። ጭራሽ ካልረጋ ሙጫው አንሷል። እኔ ከሚዛን ይልቅ በዚህች ስኒ ነው የማምነው፣ ምክንያቱም ሙጫ ሁሉ አንድ አይነት ኃይል የለውም።

በዚህ ሙቅ ሙጫ ጣውላውን ፊቱንም ጀርባውንም ጠርዙንም አንድ እጅ ቀቡ። ጀርባውን ከተዋችሁት ጣውላው ወደ አንድ ጎን ይጎብጣል። የኤምዲኤፍ ጠርዝ ደግሞ ውሃ ሲነካው ያብጣልና ለእሱ ሁለት እጅ አትንፈጉት። አሳድሩት።

አሁን ነጩ። የኖራ ድንጋይ ዱቄት፣ ማለትም ካልሲየም ካርቦኔት፣ ካገኛችሁ ጥሩ ነው። ሲጨበጥ የሚያቃጥለውን የቤት ኖራ አይደለም የምላችሁ፤ እሱን ወደዚህ አታምጡት። ካላገኛችሁ ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ጀሶ ግዙ። ግን የሱቁን ጀሶ እንዳለ ሙጫ ውስጥ ብትጨምሩት እጃችሁ ላይ ይደርቅባችኋል። መጀመሪያ የመጠጠር ባሕርዩን ማጥፋት አለባችሁ። በባልዲ ብዙ ውሃ ውስጥ ጥቂት በጥቂት እየነሰነሳችሁ ሳታቋርጡ አማስሉት። ረጅም ጊዜ ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ ለአንድ ወር ያህል በየቀኑ አማስሉት። በመጨረሻ ውሃውን አጥልላችሁ በጨርቅ ጨምቁት። እንደ ቅቤ የለሰለሰ ነጭ ጭቃ ታገኛላችሁ። ወር መጠበቅ ለወጣት ይከብዳል። ቢሆንም ባልዲው ጥግ ላይ ተቀምጦ እናንተ ንድፍ እየሠራችሁ ወሩ ያልቃል።

ዱቄቱን ሙቅ ሙጫ ውስጥ በወንፊት አድርጋችሁ ነስንሱት፤ የጀሶው ጭቃ ከሆነ ጥቂት በጥቂት ጨምሩት። አታምቱት፤ ቀስ አድርጋችሁ ብቻ አማስሉ። አየር ከገባበት ጣውላው ላይ መርፌ የወጋው የመሰለ ቀዳዳ ይሞላል። ውፍረቱ ከብሩሽ ላይ ያለ ችግር የሚወርድ ይሁን። የመጀመሪያውን እጅ በስሱ ቀቡና በጣታችሁ መዳፍ እሹት፣ እንጨቱን እንዲይዝ። ከዚያ የፊተኛው እጅ አብረቅራቂነቱ ሲጠፋ ቀጣዩን በተሻጋሪ አቅጣጫ ቀቡ። አንዱ በቁመት ከሆነ ሌላው በአግድም። ከአራት እስከ ስምንት እጅ። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። ስታለሰልሱ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ አቧራው ለሳንባ ጥሩ አይደለም። በመጨረሻ በጣም የሚመጥ ከሆነ ቀለማችሁን ደብዛዛ ያደርገዋል። ያን ጊዜ ውሃ የበዛበት ሙጫ አንድ ስስ እጅ ይበቃዋል።

ወደ ጨርቁ ልምጣ። በእጅ የተሸመነ ሸማ አታባክኑ፤ ሽመናው ለዚህ ሥራ ሳሳ ይላል። ወፈር ያለ አቡጀዴ ይሻላል። የፋብሪካ ጨርቅ ብዙ ጊዜ ስታርች አለበትና በሙቅ ውሃ እጠቡት። ሲደርቅ ተኩሱት። ፍሬሙ ላይ ስትወጥሩ ከየጎኑ መሀል ጀምሩና ወደ ማዕዘን ሂዱ። በጣት ስትመቱት ድም ማለት አለበት።

ለጨርቅ የቆዳ ሙጫን አልመክራችሁም። የቀድሞዎቹ አውሮፓውያን ተጠቅመውበታል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ይህ ሙጫ እርጥበት ሲያገኝ ይለቃል፣ ሲደርቅ ይሸመቀቃል። የእኛን ሀገር ደግሞ ታውቁታላችሁ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ክረምቱ ጭጋግና ዝናብ ነው፤ የጦሳ ተራራ ቀኑን ሙሉ አይታይም። በበጋ ደግሞ አየሩ ደረቅ ነው። ሥዕሉን ሸጣችሁ ኮምቦልቻ ሲወርድ ሌላ አየር ይጠብቀዋል። በየወቅቱ እየላላና እየተሸመቀቀ የሚኖር ሸራ ቀለሙን ያፈነዳዋል።

ስለዚህ ለጨርቅ ነጩን ኮላ፣ ወይም ከተገኘ የአክሪሊክ ማያያዣ (በውሃ የሚቀጥን፣ ሲደርቅ እንደ ፕላስቲክ የሚሆን ሙጫ) ተጠቀሙ። በአክሪሊክ የተሠራ ፕራይመር በአሜሪካ ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው፤ ዋናው ጥቅሙም መተጣጠፉ ነው። ኮላ ስትገዙ ግን አንዱ ካንዱ ይለያል። አንዳንዱ የአናጺ ኮላ አሲድ አለው፤ እየቆየም ቢጫ ይሆናል። ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ውስጥ አሲድን የሚለይ ሊትመስ ወረቀት አለ። አስተማሪያችሁን ጠይቁና ፈትኑት።

ኮላውን በሦስት እጥፍ ውሃ አቅጥናችሁ ሁለት ስስ እጅ ቀቡ። ከዚያ አንድ ኩባያ ኮላ፣ ግማሽ ኩባያ ውሃ፣ አንድ ኩባያ የኖራ ድንጋይ ዱቄትና ጥቂት የቲታኒየም ነጭ (ነጭ የቀለም ዱቄት) ቀላቅሉና ነጩን ሠሩ። ይህ ልኬት መነሻ ነው። ሁልጊዜ በትርፍ ቁራጭ ላይ ሞክሩት። ሦስት ቀን ካደረቃችሁት በኋላ እጠፉት። እጥፉ ላይ ከተሰነጠቀ ኮላ ይጨመር። ከዚያ አንድ ጠብታ ውሃ አኑሩበት። ጠብታው ተንሸራቶ ከሄደ ኮላ በዝቷል፣ ቀለም አይዝም። ቀስ እያለ ከሰረገ ደህና ነው። ሥራውንም ቀን ቀን፣ ፀሐይ እያለ ሥሩ። እንዲህ ያለው ማያያዣ ከ10 ዲግሪ በታች በደንብ አይያያዝም፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊታችን ደግሞ ከዚያ ይወርዳል።

የግድግዳ ፕላስቲክ ቀለምስ? ለልምምድ ይሁን። ርካሹ የውስጥ ቀለም ብዙ ዱቄትና ጥቂት ማያያዣ ነው። የግድ ከሆነ ለውጭ ግድግዳ የሚሸጠውን አክሪሊክ፣ የማያብለጨልጨውን ምረጡ። ለምትሸጡት ሥራ ግን አይሆንም። ሰው ገንዘቡን የሚሰጣችሁ ሥዕሉ ልጆቹ ጋ እንደሚደርስ አምኖ ነው። የሚያብለጨልጨውን የበርና የመስኮት ቀለም ደግሞ ጭራሽ አትንኩት። ከሱ በላይ የሚቀባ ቀለም ይላጣል።

በአክሪሊክ ንጣፍ ላይ የዘይት ቀለም ይቀባል። በዘይት ላይ ግን አክሪሊክ አይቀባም። ራሱ ንጣፉ በተልባ ዘይት የሚሠራበትም መንገድ አለ፣ ውብ ነው፤ ግን ወራት መጠበቅ ይፈልጋልና ለኋላ አቆዩት። ያን ስትሠሩ የእርሳስ ነጭን ተዉት፣ መርዝ ነው። የዚንክ ነጭንም ተዉት፣ በዘይት ውስጥ ሲቆይ ተሰባሪ ይሆናል።

አንድ ነገር ልጨምር። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ ላይ አትጣሉ። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ የተከመረ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ማንም ክብሪት ሳይጭርበት በራሱ ይነዳል። ብዙዎቻችሁ የምትስሉት በምትተኙበት ክፍል ነው። ጨርቁን ዘርግታችሁ ውጭ አስጡት፣ ወይም ውሃ ያለበት ክዳናም ጣሳ ውስጥ ጨምሩት። ይህን ሳታደርጉ ማታ መብራት አታጥፉ።