መልስ፦ የኮራይዛ ባክቴሪያ ደም አጋር ላይ ለምን እምቢ አለ?

ወንድሜ፣ ፊቷ ካበጠ ዶሮ የወሰድከው ናሙና ደም አጋር (ደም የተጨመረበት የባክቴሪያ ማብቀያ ሳህን) ላይ አልበቅል አለኝ ብለሃል። ናሙናህን ገና አትጣለው። ኮራይዛን፣ ማለትም የዶሮን አፍንጫና ፊት የሚያሳብጠውን በሽታ፣ የሚያመጣው አቪባክቴሪየም ፓራጋሊናረም የተባለ ባክቴሪያ አብዛኛውን ጊዜ ኤንኤዲ የሚባለውን ንጥረ ነገር ራሱ መሥራት ስለማይችል ከውጭ ካላገኘ አያድግም፣ ደሙ ውስጥ ያለው ደግሞ ቀይ የደም ሕዋሳቱ ውስጥ ተቆልፎበታል። እንዲህ ሞክር። ናሙናውን ሳህኑ ላይ ቀባና ስታፊሎኮከስ የሚባል ሌላ ባክቴሪያ በአንድ መስመር አቋርጠህ ጫርበት፣ ከዚያ ከ5 እስከ 10 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ባለበት፣ በ37 ዲግሪ፣ ከ24 እስከ 48 ሰዓት አቆየው። ስታፊሎኮከሱ ኤንኤዲ ይለቅለታል። መስመሩን ተጠግተው እንደ ጤዛ ጠብታ የሚያበሩ ጥቃቅን ኮሎኒዎች ካየህ፣ በጣም ደስ የሚል ምልክት ነው! ግን በዚህ ብቻ አትወስን፤ በደቡብ አፍሪካና በሜክሲኮ ኤንኤዲ የማይፈልጉ የዚሁ ባክቴሪያ ዓይነቶችም ተገኝተዋል።