ሽፈራው ከመጨመርዎ በፊት ፒኤቹን ይለኩ

ጥያቄ፦ በጅማ ዞን የአንድ ማኅበር ቡና ማጠቢያ ሳይት ኃላፊ ነኝ። የፍሳሹ ሽታ ከታች ያለውን ሰፈር አስቸግሮ ቅሬታ መጣብን። የሽፈራው ፍሬ ያጣራል ሲሉን ፈጭተን ጉድጓዱ ውስጥ ጨመርን። ለውጥ የለም። ኖራ ስንጨምርበት ደግሞ ውሃው ጭራሽ ጠቆረ። ምን አጠፋን?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሽፈራውም ኖራውም ትክክል ናቸው። የተሳተው ቅደም ተከተሉ ነው።

ጥቁረቱ አያስደንግጥዎ። ከእሸቱ ቀይ ልጣጭ የሚወጣው ቀለም ኖራ ሲያገኝ ወደ አረንጓዴና ጥቁር ይቀየራል። ዋናው ችግር ስኳሩ ነው። ባክቴሪያ ስኳሩን ሲበላ የወንዙን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ዓሣው የሚሞተው፣ ሽታውም የሚመጣው ያኔ ነው። ሽፈራው ደግሞ የሟሟ ስኳር አይነካም። ሥራው ደቃቁን ቆሻሻ ሰብስቦ ማዝቀጥ ነው። ስለዚህ ውሃው ኩልል ስላለ ብቻ ወንዝ ውስጥ እንዳይለቁት አደራ።

ከማሽኑ ይጀምሩ። ልጣጩን በውሃ እየገፉ ጉድጓድ የሚከቱ ከሆነ ዛሬውኑ ይተዉት። በወንፊት ለይተው ያውጡና ኮምፖስት ያድርጉት። የመፈልፈያውን ውሃ በዚያው ቀን መልሰው ይጠቀሙበት። ውሃው ካልተመላለሰ በአሮጌ ማሽን ለ1 ኪሎ እሸት እስከ 20 ሊትር ሊፈስ ይችላል፤ ውሃ ቆጣቢዎቹ ማሽኖች በ1 ሊትር ገደማ ይጨርሳሉ። እዚህ ጋ ያልፈሰሰ ውሃ በኋላ ኖራም ሽፈራውም አይፈልግም።

በመጀመሪያው ጉድጓድ ውሃው ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጥ። ምንም አይጨምሩበት። ሲብላላ ፒኤቹ ወደ 4 ይወርዳል፤ ልሃጩም ረግቶ እንደ ወፍራም ቆዳ ከላይ ይንሳፈፋል። እሱን ገፍፈው ከልጣጩ ጋር ይቀላቅሉት። ኖራ ቀድሞ ከገባ መብላላቱ ይስተጓጎልና ይህ በነፃ የሚገኝ ሥራ ይቀርብዎታል።

ኖራው የሚገባው በሁለተኛው ጉድጓድ ነው። ለአሲዳማ እርሻ የሚከፋፈለውን የግብርና ኖራ እመርጣለሁ፤ እጅ አያቃጥልም፣ ቢበዛም ፒኤቹን ከልክ በላይ አያንረውም። ቀስ እያሉ ይጨምሩ፣ ያማስሉ፣ አረፋው እስኪበርድ ይጠብቁ። በፒኤች ወረቀት ከ6.5 እስከ 7 ሲደርስ ያቁሙ። ኖራ ከጠፋ የተነፋ የእንጨት አመድም ይሆናል፤ ብዙ ግን ይፈልጋል።

ሽፈራው አሁን ይግባ። የደረቀውን ፍሬ ልጣጩን አንስተው ነጩን ይውቀጡ። በንጹሕ ውሃ በጥብጠው በጨርቅ ያጥልሉት። ሲያድር ኃይሉ ስለሚቀንስ የዕለቱን ብቻ ያዘጋጁ። በኮንሶና በጋሞ የሚበቅለው የአገራችን ሽፈራው ለዚህ ጎበዝ ነው። ዘይቱ የተጨመቀ ፋጉሎ ካገኙም ይሠራል፣ ዋጋውም ይቀንሳል።

መጠኑን የሚወስነው የራስዎ ውሃ ነው። አራት ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ ከሁለተኛው ጉድጓድ ይሙሉ። ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት ሩብና አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት ከላይ እንዳልኩት በጥብጠው ለየብቻ ይጨምሩ። አንድ ሁለት ደቂቃ በደንብ፣ ከዚያ አሥር ደቂቃ ቀስ አድርገው ያማስሉ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ከጠሩት ውስጥ ትንሹን መጠን ይውሰዱ። ሽፈራው ራሱ ምግብ ነው፤ ሲበዛ ለባክቴሪያው ተጨማሪ ቀለብ ይሆናል።

ስኳሩ የሚያልቀው ቬቲቨር ሣር በተተከለበት መደብ ላይ ነው። ሥሩ ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ቀስ በቀስ ይበሉታል። ውሃው በቀጭኑ ተዘርግቶ ይለፍ፤ በአንድ ቦይ ከሮጠ ጥቅም የለውም። ቬቲቨር ወደ አገራችን የገባው በጅማ የምርምር ማዕከል በኩል ስለሆነ ችግኙ በአካባቢዎ አይጠፋም። በሰኔ ከተከሉት ጥቅምት ላይ እሸት ሲገባ ሥር ይዞ ይጠብቅዎታል።

ለዘንድሮ መደቡ ካልደረሰ፣ ውሃውን ከምንጭና ከወንዝ በራቀ፣ ውስጡ በሸክላ አፈር በተደመደመ ጉድጓድ ይያዙት። ዙሪያውን ለሕፃናትና ለከብት ይጠሩት። ኖራው ከገባ በኋላ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ሣር መሬት ይልቀቁት። ወንዙ በጋ ላይ ስለሚቀንስ አንድ ጊዜ የተለቀቀ ጉድጓድ ብዙ ይጎዳዋል።