መልስ፦ ከቀለሙም ከሞተሩም በፊት ዝገቱን ተመልከት

ሰላም ወንድሜ። ለ10 ዓመት የቆመውን የ1974 አልፋ ሮሜዮ ስፓይደር በቀለም ልጀምር ወይስ በሞተር ብለህ ጠይቀሃል። በሁለቱም አትጀምር። ይህ መኪና ራሱን የቻለ ቻሲ (ከአካሉ የተለየ የብረት አጽም) የለውም፤ ክብደቱን የሚሸከሙት ወለሉና ከበሮቹ ሥር ያሉት የጎን ሳጥኖች ናቸው። ምንጣፉን አንሳና በመፍቻ እጀታ ቀስ እያልህ አንኳኳ። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠህ ብረቱ ደህና ነው፤ የታፈነ ከሆነ ወይ ውስጡ ተበልቷል ወይ በስቱኮ ተደፍኗል። ጣሪያ የሌለው መኪና ስለሆነ ብየዳው ከመጀመሩ በፊት የበሩ ክፍተት በብረት ዘንግ ይደገፍ፤ አለዚያ አካሉ ይጎብጥና በሩ አልዘጋ ይላል። ያን ጊዜ ማስተካከሉ ከባድ ነው።

ሞተሩን ደግሞ፣ እለምንሃለሁ፣ ቁልፍ አዙረህ ለማስነሳት አትቸኩል። ካንዴላዎቹን ፈትተህ በየሲሊንደሩ ጥቂት ዘይት ጨምር፤ አሳድረውና በማግስቱ በእጅ አዙረው። አሮጌው ቤንዚን ይውጣ፤ የፍሬን ዘይቱና የፍሬኑ የጎማ ቱቦዎችም ይቀየሩ።

ሁለተኛ ማርሽ ሲገባ ቢያንጫርር አትደንግጥ፤ የሲንክሮናይዘሩ (ማርሽ ሲገባ ፍጥነቱን የሚያስማማው ቀለበት) መበላት የዚህ ካምቢዮ የታወቀ ሕመም ነው። የካምቢዮው ዘይት እስኪሞቅ ድረስ ማርሹን በዝግታ አስገባ፤ በኃይል አትግፋው።