መድኃኒቱ የት ያድራል?

ልጆቼ፣

ደሴ ውስጥ በፋርማሲ ሥራ አርጅቻለሁ። ሰሞኑን አንድ ተለማማጅ ተማሪ «ይሄ ናኖ የሚሉት ሕክምና እኛ ጋ መቼ ይደርሳል?» አለኝ። ደርሷል እኮ፤ በእጁ የወባ መመርመሪያ ይዞ ነበር። ከባቲ ቆላ የመጣ ሰው ጣቱን ተወግቶ ደሙ ጠብ ሲልበት ብቅ የምትለው ቀይ መስመር በአብዛኛው ወርቅ ናት። ወርቅ በናኖሜትር ልክ ሲደቅ ብጫነቱን ትቶ ይቀላል። ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ቃሉ አያስፈራችሁ፤ አብሽሩ።

እኔን ያሳመነኝ ግን ካላዛር የሚባለው በሽታ ነው። ልጆቻችን ለሰሊጥ አጨዳ መተማና ሁመራ ይወርዳሉ። አንዳንዱ ከስቶ፣ ጣፊያው አብጦ፣ ትኩሳቱ አልለቅ ብሎት ይመለሳል። አምፎቴሪሲን የሚባለው መድኃኒት ያድናል፤ በድሮው መልኩ ሲሰጥ ግን በሽተኛውን ያንቀጠቅጠዋል፣ ኩላሊቱንም ይጎዳል። ያንኑ መድኃኒት ከ100 ናኖሜትር ባነሰች የስብ ከረጢት ሲጠቀልሉት፣ በጉበትና በጣፊያ ያሉ ባዕድ ነገር የሚውጡ ሴሎች ይውጡታል። የካላዛር ተሕዋስ የተደበቀው ደግሞ እነዚያው ሴሎች ውስጥ ነው! መድኃኒቱ ጠላቱ ቤት ድረስ ይገባል፤ የኩላሊት ጉዳቱም በጣም ይቀንሳል።

እስቲ አሁን ነገሩን ገልብጡት። የምትፈልጉት ሳንባ ላይ ያለ ዕጢ ቢሆንስ? ያው ጉበትና ጣፊያ መንገድ ላይ ይውጡባችኋል። መጠቅለያው ስብ ከሆነ ሰውነት ይፈጨዋል፤ መድኃኒቱ የተጫነው በደቀቀ ወርቅ ላይ ከሆነ ግን ወርቁ እዚያው ለወራት ሊከርም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ ጥናት ውፍረታቸው በናኖሜትር የሚለካ ረጃጅም የካርቦን ቱቦዎች በአይጦች ሆድ ዕቃ ውስጥ ሲገቡ አስቤስቶስ እንደሚባለው ጎጂ የማዕድን ክር ያለ ጉዳት አስከትለዋል። ስለዚህ አደራ፣ አዲስ መድኃኒት ሲመጣ «ምን ያድናል?» ብላችሁ አታብቁ። የት ያድራል? በምን ይወጣል? ብላችሁ ጠይቁ።

በሠራሁበት አንድ ቦታ፣ ጎበዝ ልጅ ይህንኑ በስብ የተጠቀለለ የካላዛር መድኃኒት እንደለመደው በኖርማል ሳላይን (በጨው ውኃ) ሊበጠብጥ ሲል እጁን ያዝኩት። ጨው ከነካው ይዘቅጣል። በመርፌ ውኃ ተበጥብጦ፣ በማጣሪያው አልፎ፣ 5 በመቶ ግሉኮስ ውስጥ ነው የሚገባው። ከ25 ዲግሪ በላይ ሙቀትም አይችልም፤ የባቲን ቀትር አስቡት። ማብራሪያ ወረቀቱ ካርቶኑ ውስጥ እንደታጠፈ ነበር። ዘርግተን ከላይ እስከ ታች አብረን አነበብነው። በሽተኛው ግማሽ ሰዓት ጠበቀን።