የበረዶ ታሪክ ለምትፈልጊው እህቴ፦ በአርዕስትና በሽፋን አትግዢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ካየሁ ጀምሮ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሌሎቹም እንዲገባቸው ባጭሩ ልድገመው። እዚሁ ጅማ 8 ሆናችሁ የንባብ ቡድን መሥርታችኋል። ሐምሌ ላይ ትጀምራላችሁ። ታሪካቸው በክረምት የሆነ መጻሕፍት ለማንበብ አስባችሁ በምን እንደምትመርጡ ግራ ገብቷችኋል። እኛም የጀመርነው ልክ እንደዚሁ ነው። 9 ነበርን፤ ወሩ ሐምሌ ነበር፤ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ብሎን ነበር፤ ሐሳቡን ያመጣሁትም እኔ ነበርኩ። ኪሳራውም የኔው ሆነ። ያ በእናንተ እንዳይደርስ ብዬ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

1. «ክረምት» ስትሉ የትኛውን እንደሆነ ከሁሉ በፊት ተስማሙ። ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። የኛ ክረምት ዝናብ ነው፤ ሰኔ መጨረሻ ገብቶ መስከረም ላይ ይወጣል። ጅማን ደግሞ ታውቂያታለሽ፣ ዝናቡ ከዚያ ቀድሞ ይጀምርና ከዚያም አልፎ ይቆያል። የሩሲያና የአውሮፓው ክረምት ግን ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት ነው። እኛ ጋ ሰማዩ ጠርቶ ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ የሚሰጣበት ጊዜ ማለት ነው። አማርኛ ላይ ሁለቱም «ክረምት» ተብለው ስለሚጻፉ አንባቢው ጭቃና ጎርፍ እየታየው ያነባል። እኛ ይህን ሳንነጋገር ገባንበት። ግማሹ ሰው የዝናብ ታሪክ ጠብቆ መጣ፣ ግማሹ የበረዶ። የመጀመሪያው ቀን በክርክር አለቀ። አንቺ የጠየቅሽው የበረዶውን እንደሆነ ያስታውቃል፣ ስለዚህ በእሱ እቀጥላለሁ።

2. በአርዕስትና በሽፋን አትግዢ። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ለሌላ ጉዳይ አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዤ ከመጣሁ አይቀር ለቡድኑ መጽሐፍ ልግዛ ብዬ አንድ መጽሐፍ ቤት ገባሁ። ሽፋኑ ላይ በረዶ የተሸከመ ዛፍ ያለበትን፣ አርዕስቱ «ነጭ» ወይም «በረዶ» የሚለውን ሁሉ ለቀምኩ። 7 መጽሐፍ፣ 3,850 ብር። ሻጩ «ሁሉም የክረምት ናቸው፣ አይዞህ» አለኝ። ማታ ማደሪያዬ ገብቼ ማገላበጥ ስጀምር ላብ አጠመቀኝ። አንዱ በረዶው ሽፋኑ ላይ ብቻ ነው፤ ውስጡ ቢሮ ለቢሮ የሚያልቅ የወንጀል ታሪክ ነው። ሁለቱ የገና ሰሞን የፍቅር ታሪኮች ናቸው፤ በረዶው በመስኮት ይታያል እንጂ ማንንም አይነካም። ያገላበጥኳቸው ሌሎቹም ከዚያ ብዙ አይሻሉም።

ጠዋት በሩ ሳይከፈት ደርሼ ጠበቅሁ። አንዱንም አላነበብኩትም፣ ደረሰኙ እጄ ላይ ነው፣ ገንዘቤን መልሱ አላልኩም። በሌላ ቀይሩልኝ ነው ያልኩት። ሻጩ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «የተሸጠ መጽሐፍ አይመለስም፤ መጀመሪያ አውቀህ አትገዛም?» አለኝ። ሰው ፊት። ትናንት «አይዞህ» ያለኝ ያው ሰው ነው። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። ስለዚህ ሻጭ አትጠይቂ። ቆመሽ የመጀመሪያውን 3 ገጽ አንብቢ፣ ከዚያ መሐሉ ላይ የትም ግለጪና ሌላ 2 ገጽ። ሰዎቹ ምን ለብሰዋል? ከቤት ሲወጡ ምን ያስፈራቸዋል? ይህን 5 ገጽ ውስጥ ካላገኘሽ መልሰሽ አስቀምጪው። ቆመሽ እንዳታነቢ የሚከለክል ቤት ከሆነ ጥለሽ ውጪ።

ከ7ቱ አንዱ የሩሲያዊው ደራሲ የዶስቶየቭስኪ «ነጭ ሌሊቶች» ነበር። በ1848 የወጣ አጭር ሥራ ነው (የመጻሕፍቱን ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አርዕስቱን ሰምቶ በረዶ የማይታየው ማን ነው? በእሱ እርግጠኛ ስለነበርኩ ሳልገልጠው ለመጀመሪያ ንባብ መረጥኩት። ሁሉም ጋቢውን ደርቦ መጣ። ባለቤቴ ቡና አቀረበች። ድሮ ሌኒንግራድ፣ ማለትም ታሪኩ የሆነባት የዛሬዋ ፔተርስቡርግ፣ እርሻ ተምረው የመጡ አንድ ጋሼ ቡድናችን ውስጥ አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡና «ልጄ፣ ይሄ እኮ የሙቀት ወራት ታሪክ ነው» አሉኝ። ነጭ የተባለው ሌሊቱ ነው ለካ። በዚያ ከተማ በሰኔ መግቢያ ላይ ፀሐይ ብትጠልቅም ሰማዩ አይጨልምም። እሳቸው ተማሪ ሳሉ እኩለ ሌሊት ላይ መስኮት ሥር ቁጭ ብለው ያለ መብራት ለቤተሰብ ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። መጽሐፉ ግሩም ነው፣ አንብቡት፤ ብቸኛ የሆነ ወጣት በጥቂት ሌሊቶች ውስጥ የሚያገኘውና የሚያጣው ነገር አንጀት ይበላል። በረዶ ግን የለበትም። እኔ ደግሞ ለበረዶ ብዬ ነው 9 ሰው በዝናብ የጠራሁት።

3. «በረዶ» የሚለውን ቃል አብራሩ። እኛ በረዶ ስንል የሚታየን ቆርቆሮ ላይ እንደ ጠጠር የሚዘንበው ነው። ሲጥል ሰው ለሰው አይደማመጥም፤ ልጆች ወጥተው በሳህን ይለቅሙታል። የእነዚህ መጻሕፍት በረዶ ግን ድምፅ የለውም። እንግሊዝኛውን እኔ ነበርኩ በአማርኛ እየመለስኩ የማነብላቸው፤ አንዷ ነርስ የሆነች አባላችን «በረዶ እየወረደ እንዴት ጸጥ ይላል? ተሳስተህ ነው የተረጎምከው» ብላ ድርቅ አለችብኝ። እውነቷን ነው፣ ባደገችበት በረዶ እንደዚያ አይሆንም። ጋሼ ናቸው የፈቱት። የተባዘተ ጥጥ ከላይ ሲበተን አስቢው አሏት። ሲወርድ አይሰማም፤ ብርዱ ሲበረታ ግን እግር ሥር እንደ አዲስ ጫማ ሲጥ ሲጥ ይላል። አፍንጫ ውስጥ ያለው ፀጉር ይደርቃል። ኢሳይያስ ላይ «እንደ አመዳይ ትነጻለች» የሚለውን አስታወሱንና ከዚያ ቀን ጀምሮ ስናወራ የቆርቆሮውን በረዶ፣ የእነሱን አመዳይ እንላለን። ይህችን ከጀመራችሁ ወዲያ ንባቡ ሌላ ይሆናል። ገጹ ላይ ያለው ዝምታ ይሰማችኋል።

4. ዋናው ይሄ ነው። ብርዱን ከታሪኩ አውጥተሽ እይው። ታሪኩ ከፈረሰ የክረምት መጽሐፍ ነው። ምንም ካልጎደለው ብርዱ ጌጥ ነው፣ ተይው። ይህን መለኪያ ያገኘሁት ከሩሲያዊው ጎጎል «ካፖርት» ነው፤ በ1842 የወጣ። ፔተርስቡርግ ውስጥ ያለ አንድ ምስኪን የቢሮ ጸሐፊ ካፖርቱ ሳስቶ ብርዱ ጀርባውን ይበላዋል። ልብስ ሰፊው ይሄ አይጠገንም ይለዋል። አዲስ ለማሰፋት ማታ ማታ ሻይ ይተዋል፣ ሻማ አያበራም፣ የጫማው ሶል እንዳያልቅ ድንጋዩ ላይ በጣቱ ሊሄድ ምንም አይቀረው። እዚህች ጋ ስደርስ ድምፄ ተያዘ። ማን ነው ለልጁ ዩኒፎርም እንደዚያ ያልቆጠበ? አገሩ ሞቃት ቢሆን ካፖርቱ አያስፈልግም፣ ካፖርቱ ከሌለ ታሪኩ የለም።

በዚህ መለኪያ ያለፉልኝን ልንገርሽ። የጃክ ለንደን እሳት ስለማንደድ የጻፈው አጭር ልብ ወለድ አለ፣ የ1908ቱ። ካናዳ፣ ዩኮን ውስጥ አንድ ሰው ከውሻው ጋር ብቻውን መንገድ ይወጣል። ብርዱ በፋራናይት ከዜሮ በታች 75 ነው፤ በእኛ አለካክ ከዜሮ በታች 59 ገደማ። እንዲህ ባለ ብርድ ብቻህን አትሂድ ብለው አንድ ሽማግሌ መክረውት ነበር፣ አልሰማም። እግሩ ይረጥባል። እሳት ያነዳል፣ ያነደደው ግን አመዳይ የተሸከመ ዛፍ ሥር ነው። ከዚህ በላይ አልነግርሽም። ያን ዕለት ባለቤቴ ማንደጃው ላይ ሁለት ጊዜ ከሰል ጨመረች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

የቶልስቶይ «ጌታና አሽከር» ደግሞ አለ፣ የ1895። እኔን የሚጠይቀኝ ሰው ካለ የሁሉ የበላይ እሱ ነው እላለሁ። አንድ ነጋዴ ሌላ ገዢ እንዳይቀድመው ብሎ ጫካ ለመግዛት በአመዳይ ውሽንፍር ውስጥ ከአሽከሩ ጋር ይወጣል። መንገድ ስተው ሁለት ጊዜ እዚያው መንደር ይደርሳሉ፤ እደሩ ይባላሉ፤ እሱ ግን ገበያው አምልጦት ሊያድር ነው? ቡድናችን ውስጥ ቡና የሚነግድ ሰው አለ። ብዙም አይናገርም። ይህን ሲሰማ «እኔም እንደዚህ በሌሊት ወጥቻለሁ» አለ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሰዓት እሱ አወራ፣ እኛ ሰማን። ጎርፍ የያዘው ድልድይ፣ ወደ ኋላ መመለስ እንቢ ያለው የራሱ ጭንቅላት። 3,850 ብሩን ያን ቀን ረሳሁት።

የፑሽኪን «ውሽንፍር»ም ያልፋል። ሙሽራው ተደብቆ ለመጋባት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ አመዳዩ መንገድ ያሳስተዋል፣ የቀረውን ራሳችሁ ታገኙታላችሁ። አጭር ነው፣ በአንድ ቡና ያልቃል። ቅድመ አያቱ ከአፍሪካ የሄደ ስለሆነ ደግሞ ወሬው ከመጽሐፉ ይረዝማል፣ ለዚህም ጊዜ ያዙ።

ሶልዠኒትሲን በ1962 ያሳተመው «የኢቫን ዴኒሶቪች አንድ ቀን» ውስጥ የሶቪየት የጉልበት ሥራ ካምፕ እስረኞች በብርድ ግንብ ይገነባሉ። ብርዱ ከዜሮ በታች 41 ከደረሰ ሥራ መውጣት የለም፤ ስለዚህ ጠዋት ሁሉም ቴርሞሜትሩን ያያል። ሲሚንቶው ሳይቀዘቅዝ ብሎኬቱን መደርደር አለባቸው። ግንበኛ የሆነው አባላችን ያንን ክፍል ሁለት ጊዜ አስነበበኝ። እኛ ዝናብ እንዳያጥበው ላስቲክ እናለብሳለን፣ እነሱ ደግሞ እንዳይደርቅባቸው ይሯሯጣሉ አለ። መጽሐፉ ላይ ያን ያህል የሥራ ክብር እንዳለ እሱ ነው ያሳየን፤ እኔ ብቻዬን ሳነበው አልፌው ነበር።

አንድ መጠንቀቂያ፦ የካዋባታ «የበረዶ አገር» አርዕስቱም ዝናውም አለ፤ ደራሲው በ1968 የኖቤል ሽልማት ያገኘ ጃፓናዊ ነው። ግን ሰውየው ወደዚያ ተራራማ አገር የሚመላለሰው በተለያየ ወቅት ነው፣ ሴትየዋን መጀመሪያ ያገኛትም በጸደይ ነው። የምታነቡት ለአመዳዩ ብቻ ከሆነ ሰው ያጉረመርማል። ቡድኑ እርስ በርሱ ከተላመደ በኋላ ይምጣ እንጂ መጀመሪያ ላይ አይሁን። «ዶክተር ዢቫጎ»ንም ለመጀመሪያው ዓመት ተዉት። ይወደዳል፣ ግን ረጅም ነው፤ ከእኛ 9 ሰዎች የጨረስነው 3 ነን፣ ቡድኑም ሊፈርስ ነበር።

አሁን ደግሞ ምነው የሚያውቅ ሰው ቀድሞ በነገረኝ ኖሮ ያልኩት ነገር። የጎጎል፣ የቶልስቶይ፣ የፑሽኪንና ከላይ ያልኩት የጃክ ለንደን ሥራዎች የባለቤትነት መብታቸው ዘመን አልፏል። እንግሊዝኛውን ፕሮጀክት ጉተንበርግ የሚባል የኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍት ላይ በነፃ፣ በሕጋዊ መንገድ ታወርጃቸዋለሽ። እኔ ሰው ፊት የተሰደብኩበት ብር ሳይወጣ መጀመር እንችል ነበር። የጃክ ለንደኑን ፎቶ ኮፒ ቤት ገጹን በ3 ብር አሳተምኩ፤ ለ9 ሰው የወጣው ከአንዱ መጽሐፍ ዋጋ ያንሳል። ፊደሉን ግን አሳድጊው። እኔ ወረቀት ልቆጥብ ብዬ በትንሽ ፊደል አሳትሜ ጋሼ ማንበብ አቅቷቸው ሲቸገሩ ሳይ አፈርኩ፤ በማግስቱ እንደገና አሳተምኩላቸው።

ቦታም ጠይቀሽ ነበር መሰለኝ፣ ባትጠይቂም ልናገር። አዳራሽ ፍለጋ ቢሮ አትመላለሺ። እኔ ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ፣ አመጣሁ። ማኅተም የለውም ተባልኩ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው እየተባልኩ 3 ቀን ተመላለስኩ። በመጨረሻ እዚያ የምትሠራዋ ሴት «ልብ ወለድ ለማንበብ ነው አዳራሽ የምትጠይቀው?» ብላ ደብዳቤውን በጠረጴዛው ላይ ገፍታ መለሰችልኝ። አዋቂ ሰዎች ሥራ ውለው ደክሟቸው፣ በዝናብ መጥተው መጽሐፍ ማንበባቸው ነውር ሆነ። ተራ በተራ ቤት ለቤት አደረግነው። አሁን 3ኛ ዓመታችን ነው፣ አንድም ወር አላቋረጥንም፤ በዚህ እኮራለሁ።

ለሐምሌ በጎጎሉ ጀምሩ። እኔ ጋ በትልቅ ፊደል የታተመ 9 ቅጂ አለ። አንዱ ላይ ቡና ፈሶበታል፣ ግን ይነበባል። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ነኝ፤ በውስጥ መስመር ጻፊልኝና ከቅዳሜ በፊት ነይና ውሰጂው። ላስቲክ ይዘሽ ነይ፣ ከሰዓት በኋላ መዝነቡ አይቀርም።