ሽቱውና ከረጢቱ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የምኖረው እዚሁ ጎንደር፣ አዘዞ ነው። አጥቢያችን ያለውን ቤተ ክርስቲያን አፍርሶ ትልቅ ሕንፃ ሊሠራ ገንዘብ እየሰበሰበ ነው። በሩ ላይ ግን ነዳያን ተደርድረዋል፤ የቆሎ ተማሪዎቹም ጎጆ ያፈሳል። «ይህ ሁሉ ብር ለድሆች ቢሆን አይሻልም?» ብዬ ብጠይቅ አንድ አባት «ይሁዳም እንዲህ ብሏል» አሉኝ። ደንግጬ ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ መስጠትም አቆምኩ። ጥፋቴ ምንድን ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ መጠየቅሽ ጥፋት አይደለም። ያሳዘነኝ ዝም ማለትሽ ነው።

«ይሁዳም እንዲህ ብሏል» የምትለዋን ነገር ስንቴ ሰማኋት! ሰው ስለ ገንዘብ በጠየቀ ቁጥር ትመዘዛለች። እስቲ የዮሐንስ ወንጌልን ምዕራፍ 12 አውጪ። ማርያም በጌታ እግር ላይ ውድ ሽቱ ብታፈስ ይሁዳ «ተሽጦ ለድሆች ለምን አልተሰጠም?» አለ። ቁጥር 6ን ቀስ ብለሽ አንብቢው። ወንጌላዊው ይሁዳን የወቀሰው የድሀ ስም በማንሣቱ አይደለም። ሌባ ነበረ፣ ከረጢቱን ይዞ የሚገባበትን ይወስድ ነበረ ነው የሚለው። ታዲያ ይህ ቃል መጀመሪያ ማንን ነው የሚያስፈራው? ከረጢት የያዘውን። ሒሳብ የጠየቀ ምእመን ይሁዳ አይባልም።

አንቺንም ግን ላባብልሽ አልችልም። ሽቱውን ያፈሰሰችው ሴት ውድ ነገር አመጣች፤ ጌታም ተዉአት አለ። ለእግዚአብሔር ቤት ማማር ብክነት አይደለም። እዚሁ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብተሽ ቀና ብለሽ የለ? ንጉሡ አድያም ሰገድ ኢያሱ የመሠረተው፣ ከሱዳን የመጣው ድርቡሽ በ1880 ዓ.ም ጎንደርን ሲያቃጥል የተረፈው ደብር ነው። ከውጭ ላየው ድንጋይና የሣር ክዳን ነው፣ ትልቅም አይደለም። ጣሪያው ላይ ግን መላእክቱ በረድፍ በረድፍ ሆነው፣ ዓይናቸውን በሰፊው ከፍተው ቁልቁል ያዩሻል። ከገበያ ጭንቀቷን ተሸክማ የገባች ድሀ እናት እነዚያን ዓይኖች አይታ እንባዋን ጠርጋ ስትወጣ አይቻለሁ። ያ ጌጥ የእሷም ነው፤ ቤቷ እንዲህ ያለ ጣሪያ የላትም።

ግን ልብ በይ፣ ያ ውበት የመጣው ከስፋት አይደለም። ዛሬ ብዙ ቦታ ሁለቱን አንድ አድርገናቸዋል። ከጎረቤት አጥቢያ የሚበልጥ ጉልላት፣ ከእነሱ የሚረዝም ደወል ቤት እንላለን፤ ያ ፉክክር እንጂ መሥዋዕት አይደለም።

የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ዮሐንስ አፈወርቅ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም ይህንኑ ነገር አንሥቶታል። ክርስቶስን በመቅደስ ሐር አልብሰህ በደጅ በብርድ ሲሞት አትለፈው ይላል። አታስጊጡ ግን አይልም፤ ከዚያ ጋር፣ ከዚያም በፊት ምጽዋቱን አድርጉ ነው የሚለው። ይህቺን «በፊት» ያዢልኝ። ከነዳያኑ በፊት እብነ በረድ ከመጣ ቅደም ተከተሉ ተበላሽቷል። የቆሎ ተማሪውም እንደዚያው ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ደጅሽ የሚቆመው ልጅ ነገ የዚያ ሕንፃ ቀዳሽና ማኅሌት ቋሚ ነው። የጎንደሯን በአታ ቤተ ክርስቲያን የአቋቋም፣ ማለትም የማኅሌቱ ዜማና ስልት፣ ማስመስከሪያ ያደረጋት ግድግዳዋ መሰለሽ? መምህራኑና ደቀ መዛሙርቱ ናቸው። ጎጆው እያፈሰሰበት ትምህርቱን ጥሎ ከሄደ አዲሱን ቅኔ ማኅሌት ማን ይሞላዋል?

ሙሴም ድንኳኑን ሲያሠራ ሕዝቡ ከሚያስፈልገው በላይ አመጣ። ዘጸአት 36 ላይ አለልሽ፤ በሰፈሩ ሁሉ አዋጅ አስነግሮ በቃ አለ። ልኩ ይታወቅ ነበር ማለት ነው። የእናንተም ኮሚቴ ልኩን አውቆ ለምእመናን ይንገር። ስንት ያስፈልጋል፣ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ? ይህን መጠየቅ መብትሽ ብቻ አይደለም፣ ድርሻሽም ነው።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። ለሕንፃው መስጠት ካቆምሽ ወዲህ ያ ብር የት ገባ? ለነዳያኑ ሄደ? ከሄደ እሰዬው። ቤትሽ ከቀረ ግን የድሀውን ስም ተበድረሽ ነው የቆጠብሽው። ይህን የምልሽ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲወድቅ ስላየሁ ነው፤ አትቀየሚኝ።

እንዲህ አድርጊ። በዚህ ሳምንት ወደ ተማሪዎቹ ጎጆ ሂጂና የሚያፈሰው የትኛው እንደሆነ በዓይንሽ እዪ። ጥቂት ቆርቆሮና ሚስማር ይበቃው ይሆናል። ለሕንፃውም የምትችዪውን ስጪ፣ ደረሰኝም ተቀበዪ። ከዚያ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰበካ ጉባኤው ዘንድ ገብተሽ «የተማሪዎቹ ቤት በዕቅዱ ውስጥ አለ ወይ?» ብለሽ በትሕትና ጠይቂ። ብቻሽን ከፈራሽ ንገሪኝ፣ አብረን እንገባለን።