ተረት፣ አፈ ታሪክ ወይስ ሐተታ ተፈጥሮ?

ጥያቄ፦ «የላሊበላ ተረት» የሚል ርእስ አንብቤ ቅር አለኝ። ንቦች ሕፃኑን ላሊበላን እንደ ከበቡት፣ ኋላም መላእክት ሌሊት ሌሊት አብያተ ክርስቲያናቱን አብረውት እንደ ፈለፈሉ የሚነገረውን ተረት ማለት ይገባል? «ሚት» የሚሉትም አሉ። ፎክሎርና ሥነ ቃልስ አንድ ናቸው?

መልስ፦ ቅሬታዎ ተገቢ ነው፤ ምክንያቱ ግን ታሪኩ በእርግጥ ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም ከሚለው ክርክር ጋር አይያያዝም። እነዚህን ስሞች የሚለያያቸው ተራኪውና አድማጩ ነገሩን የሚቀበሉበት መንገድ ነው።

ተረት ሁለቱም ወገኖች ፈጠራ መሆኑን አውቀው የሚገቡበት ትረካ ነው። ተራኪው «ተረት ተረት» ሲል ልጆቹ «የላም በረት» ብለው ይቀበሉታል፤ ሲጨርስም «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብሎ ይዘጋዋል። በዚህ አጥር ውስጥ አያ ጅቦና እመት ጦጢት እንደ ሰው ቢነጋገሩ የሚሞግት የለም፤ ስንዝሮ በየትኛው ንጉሥ ዘመን እንደ ኖረ የሚጠይቅም አልሰማሁም። አፈ ታሪክ ግን ሰውን በስሙ፣ ቦታን በአድራሻው ይጠራል፤ እማኝም ይቆጥራል። ቤተ ጊዮርጊስን ሊያይ የሄደ ሰው የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ኮቴ ያረፈበት ነው የሚባለውን ድንጋይ ያሳዩታል። ስለዚህ የጠየቁት ትረካ በሥነ ቃል አጥኚዎች አመዳደብ አፈ ታሪክ ነው፤ ንቦቹንም መላእክቱንም ገድለ ላሊበላ ስለሚተርካቸው፣ በቤተ ክርስቲያን አገባብ ደግሞ ገድል ቢባል ይበልጥ ይስማማል።

«ሚት» የሚባለውን የዘርፉ ምሁራን አብዛኛውን ጊዜ «ሐተታ ተፈጥሮ» ይሉታል። ይህ ዓለም፣ ሰው፣ ሞት ወይም አንድ ልማድ እንዴት እንደ ተገኘ የሚናገር፣ በባለቤቶቹ ዘንድ እንደ እውነት የሚከበር ትረካ ነው። ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን የዛር አመጣጥ ነው፦ ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት፤ እግዚአብሔር ሊያያቸው ሲመጣ መልከ መልካሞቹን ዐሥራ አምስቱን ሸሸገች፤ እርሱም የተሸሸጉት እንደ ተሸሸጉ እንዲቀሩ ፈረደ፤ ዛሮች የእነርሱ ዘር ናቸው ይባላል። የዛርን ሥርዓት ለሚፈጽሙ ሰዎች ይህ የሥርዓቱ መሠረት እንጂ የልጆች ማጫወቻ አይደለም።

የአንድ ነገር መነሻ የሚናገር ሁሉ ግን ሐተታ ተፈጥሮ አይሆንም። አህያ፣ ፍየልና ውሻ አብረው በመኪና ሄዱ፤ አህያ ሒሳቧን ስለ ከፈለች ዛሬ መኪና ሲመጣ ከመንገድ አትነቃነቅም፣ ፍየል ሳትከፍል ስለ ወረደች ትሸሻለች፣ ውሻ መልሱን ስላልተቀበለ መኪና ያሳድዳል የሚለውን ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ቅርጹ የመነሻ ትረካ ቢሆንም የሚነገረው ለሣቅ ነውና ተረት ነው። አሜሪካዊው የፎክሎር አጥኚ ዊልያም ባስኮም እ.ኤ.አ. በ1965 ሦስቱን ዘርፎች በእምነት፣ በዘመን፣ በቦታና በአድማጭ አመለካከት የለያቸው ለዚህ ነው። በድንበሩ ላይ የሚቆሙም አሉ፤ አክሱምን ይገዛ ነበር ስለሚባለው ዘንዶ ስለ አርዌ የሚነገረው ትረካ አንድ ነገሥታዊ ሥርዓት እንዴት እንደ ጀመረ ስለሚናገር ወደ ሐተታ ተፈጥሮ፣ ቦታው የታወቀ ስለ ሆነ ደግሞ ወደ አፈ ታሪክ ይሳባል። «ሐተታ ተፈጥሮ» የሚለው ስም ለእንዲህ ዓይነቱ የመንግሥት ጅማሬ ትረካ ጠበብ ይላል፤ ስለዚህ «ሚት» ብለው የሚጽፉትን አልነቅፋቸውም።

ፎክሎር ከሥነ ቃል ይሰፋል። እንግሊዛዊው ዊልያም ቶምስ እ.ኤ.አ. በ1846 ቃሉን ካወጣ ወዲህ ወሰኑ እየሰፋ ሄዶ፣ ዛሬ ከሥነ ቃል በተጨማሪ ቁሳዊ ባህልን፣ ሀገረሰባዊ ልማድንና እንደ ዘፈንና ጭፈራ ያሉትን ትውን ጥበባት ይጨምራል፤ መሶብ ፎክሎር ነው፣ ሥነ ቃል ግን አይደለም። ሥነ ቃል በቃል የሚተላለፈው ብቻ ነው፤ ተረት፣ አፈ ታሪክ፣ እንቆቅልሽ፣ ቃል ግጥም፣ ምሳሌያዊ አነጋገር። በዕለት ንግግር «አበው ሲተርቱ» ስንል ምሳሌያዊ አነጋገርን ማለታችን ነው፤ ይህ የቆየ አማርኛ ስለሆነ ሊታረም አይገባውም።

ሊታረም የሚገባው በስፖርት ዘገባ የሚሰማው «የእግር ኳስ አፈ ታሪክ» ነው። አፈ ታሪክ የሚነገር ትረካ እንጂ የሰው ማዕረግ አይደለም፤ በሕይወት ያለን ተጫዋች «ዝነኛ»፣ «ስመ ጥር» ወይም «አንጋፋ» ማለት ይበቃል።